የተንጠለጠለ ጉርሻ

አባቴ በሩን ዘግቶ በልቶ አያውቅም። ካዛንቺስ በነበረው የቀበሌ ቤታችን፣ ትሪው ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን ገርበብ ማድረግ ነበር። ከዚያ በግቢው የሚያልፈውን ሁሉ፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውንም ጭምር፣ «እንብላ» ይላል። አብዛኛው ሰው «ብሉ፣ ጠግቤ ነው» ብሎ ያልፋል። እሺ ብሎ የገባውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያጎርሳል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና። እኔ በልጅነቴ አንድ ቀን ሁሉም ተስማምተው ቢገቡ ምን ልንበላ ነው እያልኩ እሰጋ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። እናቴን ገና በሕፃንነቴ ነው ያጣኋት፤ እህት ወንድም የለኝም። አንድ ቀን ዳቦ በሻይ ልበላ ቁጭ ስል ሳላስበው «እንብላ» አልኩ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ በመጨረሻ አለቀስኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ኡራኤል አካባቢ በምማርበት ኮሌጅ አስተማሪያችን ለመመረቂያ የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ሥሩ ሲለን ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አንድ ሽማግሌ መሶብ ፊት ይቀመጣል። ይቆርሳል፣ ይጠቀልላል፣ ባዶ በርጩማ ወዳለበት እጁን ይዘረጋል። ማንም የለም። እጁን መልሶ ራሱ ይጎርሳል። ታሪኩ ይኸው ነው።

የክፍሌ ልጆች በኮምፒውተር የሚሠራውን መረጡ። እኔ በእጅ የሚሠራውን ያዝኩ፤ አሻንጉሊቱን የጥፍር ያህል ታንቀሳቅሳለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ እንደገና የጥፍር ያህል ታንቀሳቅሳለህ። አሥራ ሁለት ፎቶ አንድ ሴኮንድ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሰባት መቶ ሃያ ፎቶ ይፈጃል። አንዱ ጓደኛዬ «ማለቴ፣ በቃ ኮምፒውተር እያለ በእጅ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ጊዜ እንዲፈጅብኝ ፈልጌ ነበር። ከክፍል ስመለስ የሚጠብቀኝ ሌላ ነገር አልነበረም።

ሽማግሌውን ከልብስ መስቀያ ሽቦና ልጆች ከሚጫወቱበት ባለቀለም ጭቃ ሠራሁት። እንጀራው ከፍራሽ የተቆረጠ ስስ ስፖንጅ ነው፤ ዓይኑ ሳይቀር እንጀራ ይመስላል። መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩ፣ ስልኬን በአባቴ የድሮ መዝገቦች ላይ አቆምኩ። ፊቱን ማንንም እንዳይመስል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ትከሻው ግን በራሱ ጊዜ የአባቴን ትከሻ ሆነ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። አልነካካሁትም።

ያኔ አካባቢው ሊፈርስ ነው ተብሎ ከግቢያችን አምስት ቤቶች ሦስቱ ለቀው ሄደዋል። የቀረነው እኔና እማማ ነን። እማማ የምላቸው በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅመም የነገዱ፣ ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ፣ አረንጓዴ ሻሽ ከራሳቸው የማይለይ ሴት ናቸው። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይገናኝ እኛ ቤት የሚበሉት በሽሮና በምስር ቀን ብቻ ነበር። አባቴ ረቡዕና ዓርብን የሚወደው ለጽድቁ ሳይሆን እማማ እሺ ብለው ስለሚገቡ ነው እያልኩ አበሽቀው ነበር። ትርፍ ቁልፋችን ከድሮ ጀምሮ እሳቸው ጋ ነው የሚቀመጠው፤ አባቴ ከሞተ በኋላም እንደዚያው ቀጠለ።

ሥራው እስከ አምስት መቶኛው ፎቶ ድረስ ሄደልኝ። ሽማግሌው ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ እጁን ዘረጋ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ቀጣዩ ሥራ እጁን መመለስ ነው፤ ቀላል ነገር። እኔ ግን ክንዱን በያዝኩ ቁጥር ጣቴ እንቢ አለኝ። ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ ኮሌጅ ሄድኩ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሽማግሌው ሁለት ቀን ሙሉ ጉርሻውን እንደያዘ ባዶ በርጩማ ፊት ተቀምጦ ዋለ፣ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ኡራኤል ታክሲ አጥቼ በእግሬ እየበሰበስኩ ገባሁ። በሩን ስከፍት በርጩማው ባዶ አልነበረም። ከትርፍራፊ ጭቃ የተድቦለቦለ፣ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ተቀምጦበታል። እግርም እጅም የለው። ራሱ ላይ የአረንጓዴ ፌስታል ቁራጭ እንደ ሻሽ ታስሯል፤ በክብሪት እንጨት የተበሳች አፍ አለችው፣ ልክ ጉርሻው ሥር። ሌላው ቁልፍ ያለው እማማ ጋ ብቻ ነው፤ ይህን ለማስቀመጥ ሲሉ የሽማግሌውን ክንድ ነክተውት ዝቅ ብሏል። ከአምስት መቶው ፎቶ ጋር ሊገጥም አይችልም።

ለአስተማሪው የደረሰብኝን ላሳየው ብዬ በንዴት አንድ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ያችን ጭቃ ከበርጩማው ነቅዬ ማዶ ሄድኩ። እማማ ምንም አልደበቁም፤ እጄ ላይ ሲያዩዋት እንዲያውም ፈገግ አሉ።

«እጁ እንደተዘረጋ ሰነበተ። ጉርሻ ሲንጠለጠል ደግ አይደለም ብዬ ነው» አሉ።

ስንት ሳምንት እንደለፋሁ ነገርኳቸው። ያበላሹት ነገር እንደማይመለስ ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ስናደድ ማቆሚያ የለኝም።

«ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳይገቡ» አልኳቸው።

ከአንገታቸው ክር ላይ ቁልፉን ፈቱና ሰጡኝ። እኔም በኩራት ተቀብዬ ወጣሁ። አስታውሳለሁ፣ ቁልፉ ሙቀት ነበረው።

ጠዋት ስነሳ ነው ሳፋውን ያየሁት። ጣሪያችን ክረምት በገባ ቁጥር በአንድ ቦታ ያፈሳል፤ ቦታው ጠረጴዛዬን ተጠግቶ ነው፣ እኔ ፊልሙን ስጀምር በጋ ስለነበር ረስቼዋለሁ። እማማ አልረሱም። ዝናቡ ሲጀምር ገብተው የራሳቸውን ሳፋ አስቀምጠዋል፣ ሳፋው እስከ አፉ ሞልቷል። እሳቸው ባይገቡ ኖሮ ሽማግሌውም መሶቡም ሟሙተው ነበር የማገኛቸው። ሳፋውን ደፍቼ በራቸው ላይ አስቀመጥኩና ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ማንኳካት ነበረብኝ። ከይቅርታው ይልቅ ፊታቸውን ማየት ከበደኝ።

በዚያው ቅዳሜ ልጃቸው በጭነት መኪና መጥታ ወሰደቻቸው። ይህን የሰማሁት ከጥግ ባለው ሱቅ ነው፤ ያን ቀን ፊታቸውን ላለማየት ሆን ብዬ ኮሌጅ አምሽቼ ነበር። ግቢው ውስጥ የኔ መብራት ብቻ ቀረ። ምሽት ላይ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው የሬዲዮናቸው ድምፅ እንኳን ለካ ጓደኛዬ ኖሯል። ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ዝቅ ያለውን ክንድ እንደምንም ከድሮው ፎቶ ጋር አገጣጥሜ የሽማግሌውን እጅ መለስኩት፤ ራሱ ጎረሰ፤ ፊልሙ አለቀ።

ፎቶዎቹን ስገጣጥም ያች የንዴት ፎቶ በተራዋ ተሰልፋ አገኘኋት። ላጠፋት ጣቴን አስቀምጬ ቆየሁ፤ አልቻልኩም። ተውኳት። የሴኮንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነች፣ ዓይንን ጨፍኖ የመክፈት ያህል እንኳን አትቆይም። አስተማሪዬ ፊልሙን ሲያይ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ የሚል ስህተት አለ አለኝ። አዎ፣ ስህተት ነው አልኩት። አለፍኩ።

ቤቱን ለቅቄ ኪራይ ከገባሁ በኋላ ነው እማማን ለመፈለግ ልብ ያገኘሁት። ሰንጋ ተራ፣ ልጃቸው ቤት፣ ኮንዶሚኒየም ስድስተኛ ፎቅ ላይ አሉ ብለው የሱቁ ሰዎች ነግረውኝ ነበር። ደረጃውን ስወጣ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼም ንግግሬም አለቀ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጠፋህ ብለው ሳሙኝና እንደ ድሮው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔም በይቅርታ ፈንታ ስልኬን አወጣሁ።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት። ትከሻውን ሲያዩ «አይ ጎረቤቴ» አሉ። ሽማግሌው እጁን መልሶ ብቻውን ሲጎርስ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ታዲያ ማንም ሳይገባለት ቀረ?»

«ገብተውለታል እማማ» አልኩ። ፊልሙን መለስ አድርጌ እዚያች ፎቶ ላይ አቆምኩት። አረንጓዴዋ ሻሽ፣ የክብሪት እንጨቷ አፍ፣ ከላይዋ ጉርሻው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ሻሿን ሊዳስሷት በጣታቸው ሲነኩ ፊልሙ ቀጠለና በርጩማው ባዶ ሆነ።

«ምነው ቶሎ አስነሳኸኝ?» አሉ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ሳፋውን አይቻለሁ፣ በማግስቱ ነው ያየሁት፣ አልኩ። እሳቸው «አብሽር» አሉና ልጃቸውን ምሳ አቅርቢ አሏት። ረቡዕ ነበር፣ ሽሮ ነው የቀረበው። መጀመሪያ የቆረሱትን ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ከመጉረሴ በፊት እንባዬን መዋጥ ነበረብኝ፤ እጃቸው እስከዚያ እንደተዘረጋ ቆየ።