«በሕግ አምላክ» በቢዩፎርድ ሀይዌይ ዳር

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰፈራችን ታሪክ የሚያወራ ቀጭን መጽሔት በፖስታ መጣልን። ልጄ ሳራ አነበበችልኝ፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ ሳይሆን መነጽሬ ጠፍቶኝ ነው። መጀመሪያ የወተት ላሞች ይረቡበት ነበር ይላል። ቀጥሎ አፓርታማዎች፣ ቀጥሎ ሱቆች፣ በመጨረሻም «ለነዋሪው ምቾት የእግረኛ መንገድ ተሠራ»።

«ማሚ፣ ሰፈርሽ እኮ ፌመስ ሆነ!» አለችኝ።

«መንገዱን ማን ሠራው ይላል?»

«እሱን አይልም።»

እንግዲያው እኔ እላለሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ከሱዳን ስመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አትላንታ አጠገብ ያለው፣ አሁን ብሩክሄቨን የሚባለው ይህ ሰፈር ያኔ የተሠራው ለመኪና ነበር፤ እግር ያለው ፍጡር ይኖርበታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አፓርታማችን ከቁልቁለቱ ሥር፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ደግሞ ላይ፣ ቢዩፎርድ ሀይዌይ ዳር ነው። እዚያ ለመድረስ በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላ በኩል የሚከንፍ መኪና እያለ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ መሄድ ነው። በእግር ስንሄድ ያዩን ሁሉ መኪናችን የተበላሸብን ይመስላቸው ነበር። የትኛው መኪናችን!

አብራኝ ሆቴል አልጋ የምታነጥፈውን እትዬ ዘውዴን በዚያ ክረምት የመኪና መስተዋት መትቶ ክንዷን ሰበራት። ባሏ ጋሽ በላይ አገር ቤት አጥቢያ ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ ሌሊት ፓርኪንግ ሎት የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ከሥራ ሲገቡ ሚስታቸውን ከአፓርታማው እስከ ማቆሚያው ባለው ባዶ ሜዳ፣ በጥዶቹ መሃል አቋርጠው ይሸኟት ጀመር። እኛም ተከተልን። የጥዱ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ በሚያለብስበት ወራት ሣሩ አልቆ ቀይ አፈር ብቅ አለ። መንገድ ወጣልን።

በሁዳዴ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ለሥራ ስንወጣ አንድ ሠራተኛ መንገዳችን ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የብረት ቋሚ በሲሚንቶ ሲተክል አገኘነው። የመሬቱ ባለቤት ሰው እንዳያልፍ እጠሩ ብሏል። ሰውዬው ሁለተኛውን ጉድጓድ ሊጀምር ዶማውን ሲያነሳ ጋሽ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

ዶማው አየር ላይ ቀረ። አገር ቤት ይህ ቃል የወደቀበት ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ንቅንቅ አይልም። ይሄኛው የቆመው ደንግጦ ነው። እኔ ግን አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጋሽ በላይ፣ ሰውዬው እኮ አማርኛ አይሰማም! ፖሊስ ኮል ቢያደርግስ? ለሁላችንም ጦስ ይሆናል!»

«ስለማይሰማ አይደል አንቺ ያለሽው? ንገሪው እንጂ ልጄ። ባለቤቱ እስኪመጣ እሱም አይቆፍር፣ እኔም አልንቀሳቀስ።»

ነገርኩት። ሳቀ፤ ግን ዶማውን ጥሎ አለቃው ጋ ሊደውል ሄደ። ጋሽ በላይ መንገዷ መሃል ተተክለው ቀሩ። ካፊያ መጣ፣ አልነቃነቃቸውም። አውቶቡሳችን መጥቶ ሲሄድ አየሁት። ሥራዬን ባጣስ አልኩ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩ ሽማግሌ ዝናብ ላይ ቆመው እያየሁ በእሳቸው ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ጫማዬ በቀዩ ጭቃ ተይዞ እኔም ከጎናቸው ቆምኩ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ባለቤቱ በፒክአፕ መጣ። ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ነው፤ በእጁ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በወረቀት ከረጢት ይዟል።

«ከመሬቴ ላይ ውጡልኝ!» አለ።

«መሬቱ የእርስዎ ነው፣ አልካድኩም» አሉ ጋሽ በላይ፣ እኔ እየተረጎምኩ። «መንገዱ ግን የሚሄድበት ሰው ነው። ሚስቴን ዳግመኛ በዚያ አስፋልት አልሰዳትም።»

አብራን የቀረችው እትዬ ዘውዴ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ጎብጦ ነው የዳነው። ሰውዬው ክንዷን አየ፣ ሀይዌዩን አየ፤ ከዚያ ከረጢቱን ለጋሽ በላይ ዘረጋላቸው።

«ቅቤ አለበት ወይ በዪልኝ» አሉኝ።

«ጨው ብቻ ነው» አለ።

አንድ እፍኝ ዘገኑና ሰዓታቸውን አይተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሰውዬው የተናቀ መስሎት ፊቱ ቀላ።

«ጾም ላይ ናቸው። ሊበሉ ሁለት ሰዓት ይቀራቸዋል» አልኩት።

«እዚሁ ቆመው ሊጠብቁ ነው?»

«እዚሁ ቆመው።» በዚህ ጊዜ ሳልጠየቅ የራሴን ጨመርኩ፦ «እኔም አብሬያቸው።»

ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና ወደ ሠራተኛው ዞሮ፣ «አንድ ሰው የምታሳልፍ ክፍተት ተውላቸው» አለ። መንገዷ ላይ የተተከለው ቋሚ ሲሚንቶው ስለደረቀ ክፍተቷ አራት እርምጃ ወደ ቀኝ ሆነች። በነጋታው መንገዳችን እዚያ ስትደርስ መታጠፍ ጀመረች።

ባልና ሚስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሜዳው ሱቅ ሆነ፣ አጥሩም ዝጎ ተነሣ። እኛና ከእኛ በኋላ የመጣው እግረኛ ሁሉ ግን ያችኑ መንገድ ስንረግጥ ኖርን። የእግረኛው መንገድ ሲሠራ ሲሚንቶው የፈሰሰው በእግራችን ዱካ ላይ ነው። መሃንዲሱ ምን እንዳሰበ አላውቅም። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን ዛፍ የለ፣ ቦይ የለ፣ ምሰሶ የለ።

ትናንት ሳራን ወሰድኳት። እጥፋቱ ጋ ስትደርስ፣ «ይሄ ምን ሴንስ አለው?» ብላ በሣሩ ላይ ቀጥ ብላ ልታቋርጥ እግሯን አነሳች።

«በሕግ አምላክ!» አልኳት።

አትላንታ ተወልዳ ያደገች ልጅ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። ግን እግሯ አየር ላይ እንዳለ ቆመች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ አራቱን እርምጃ ዞረን አለፍን።