ሳሎን ውስጥ ባሕር

የዓሣ ገንዳውን የብረት መቆሚያ የበየድኩለት እኔ ስለሆንኩ ይህን ሀብታም ሰውዬ አውቀዋለሁ። ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር ባለው ቪላው ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አቁሞ ባሕር ልሠራ ብሎ ተነሣ። ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ የውኃ ቦቴ ሲጠብቅ፣ እሱ የታሸገ የመጠጥ ውኃ በካርቶን እያስገለበጠ ጨው ያማስላል፤ ያውም በጁባ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሶ። ከናይሮቢ በአውሮፕላን ካስመጣቸው ዓሦች ግማሾቹ ገና ስማቸውን ሳያጠና ሞቱበት። ምን ቸገረው፣ ሌላ አዘዘ። ዘበኛው ላይ ግቢው እስኪናወጥ ይጮሃል፤ ገንዳው አጠገብ ሲደርስ ግን ዓሦቹ እንዳይደነግጡ ያንሾካሹካል።

«ለመሆኑ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አልኩት ላሾፍበት።

«ልጅ ሆኜ፣ እናንተ አገር፣ ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ሳለን፣ መምህራችን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሎልን ነበር» አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ። «ደወል ሲደወል ጠረገው።»

ወዲያው ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ የገንዳው ፓምፕም ቆመ። ሰውየው ዓሦቹ አየር እንዳያጥራቸው ብሎ ክንዱን ከነኮቱ እስከ ብብቱ ነከረና ውኃውን በእጁ ያማስል ጀመር።

ዘበኛው ጄኔሬተሩን አስነሣ፤ ፓምፑም መሥራት ጀመረ። ሰውየው ግን ማማሰሉን አላቆመም።