ሦስት ቤት ብዬ ያስጻፍሁት አንድ ጋን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ስርቆት ቢሆን፣ ሐሜት ቢሆን ስም አለው፤ ይህ ግን በቤት ቁጥር የተሠራ በደል ነው። ቄሱን ምን ብዬ ፍቱኝ እላቸዋለሁ? ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በለመድኋት ፊደል እናንተ ፊት አወጣዋለሁ።

የምኖረው ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ጎረቤቴ የሺ ባሏ ከሞተ ወዲህ በጓሮዋ ጉድጓድ አስቆፍራ የጠየቃትን ሁሉ ታስቀዳ ነበር። እኔም እቀዳ ነበር፤ ግን አላመንኋትም። እንዲያው በነጻ የሚሰጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ውኃዋን እየጠጣሁ እጠረጥራት ነበር።

ባለፈው ክረምት የመንደሩ ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። ሰብለ የምትባል አጥኚ ታብሌት ይዛ ከቡሬ መጣች። ስለ እያንዳንዱ ልጅ የምትጠይቀው ከየት ይጠጣል፣ ታመመ ወይስ አልታመመም ብቻ ነው፤ ካጠገቡ የቤት ቁጥር ትጽፋለች። ከዚያ የየሺን ጉድጓድ የሚጠጣ ልጅ የቦኖ ቧንቧ ውኃ ከሚጠጣው ስንት እጥፍ እንደሚታመም ፕሮግራሙ ያሰላል።

«የቤት ቁጥሩስ ለምንሽ ነው?» አልኋት፤ ግብር ሊጭኑብን መስሎኝ።

«እማማ፣ ካንድ ጋን ከሚጠጡ ልጆች አንዱ ሲታመም ሌላው ይከተላል። ስለዚህ ባንድ ቁጥር አስራቸዋለሁ። ካላሰርኋቸው ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ለብቻው እንደመጣ ምስክር ይቆጥርና ያላወቀውን አወቅሁ ይላል።»

አልገባኝም ነበር ልበል? ገብቶኛል። በድንበር ክርክራችን ጊዜ ሽማግሎች ፊት ቆሜ «ካንድ ማዕድ የበሉ ሦስት ወንድማማቾች ሦስት ምስክር አይባሉም!» ብዬ የጮኽሁ እኔ ነኝ። ያን ቀን በፍርድ አዋቂነቴ ተመስግኛለሁ።

ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ የሦስት ወንዶች ልጆቼ ናቸው። የሚያድሩት በሦስት ቤት ነው። የሚበሉት ግን እኔ ዘንድ፣ የሚጠጡት ከእኔ ጋን፣ ባንድ ጣሳ ነው። መጀመሪያ የታመመው ትንሹ ነበር፤ ጅጋ ከተማ አክስቱ ዘንድ ሰንብቶ ሆዱን ይዞ መጣ። ሌሎቹ ከእሱ በኋላ ተራ በተራ ወደቁ። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ «ሦስት ቤት ነን፤ ለየብቻ ጻፊ» አልኋት።

«ማዕዳችሁም ለየብቻ ነው?»

«ምነው ልጄ! የእኔን ቤት አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

ሳቀችና ጻፈች። የጅጋውን ነገር ዋጥሁት። ለምን? የሺን ስጠረጥር ኖሬ ጥርጣሬዬ ከንቱ ሆኖ እንዳይቀር ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ከረምሁ፤ የለኝም።

ከጉድጓዱ የሚጠጡት ቤቶች ጥቂት ነበሩና የእኔ ሦስት ሲጨመር ሚዛኑ ዘመመ። በቀበሌው ስብሰባ ሰብለ «በተለያዩ ቤቶች ተደጋግሞ ስለታየ ውጤቱ የሚያስተማምን ነው» ብላ አነበበች። የተለያዩ ቤቶች! ጉድጓዱ ላይ ቆርቆሮ ተቸነከረ፤ የሺም በታመመ ወገቧ ጀሪካን አዝላ ሩቁ ቦኖ ድረስ ትመላለስ ጀመር።

የማኅበር ተራዋ ሲደርስ ጠላ ጠምቃ ጠራችን። አልጠጣም ብዬ ዋንጫዬን መጀመሪያ የደፋሁ እኔ ነኝ። ሌሎቹ አዩኝና ደፉ። አንዷ «የሺ፣ ጠላሽን ለቀበሌ አስመርምሪልን እንጂ!» ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«እታለም፣ አንቺም?» አለችኝ የሺ።

ከዚያ ወዲህ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ይህች ቃል ትመጣብኛለች። ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድሁ፤ ሰብለንም አገኘኋት። «አንድ ቤት ነን» አልኋት፤ የጅጋውንም ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሦስቱን ቁጥር አንድ አደረገችና ኮምፒውተሯን እንደገና አሠራችው።

«እማማ፣ እጥፉ ብዙም አልተለወጠም። እርግጠኝነቱ ግን ጠፋ። አሁን አላውቅም ነው የሚለው።»

«ውኃው ንጹሕ ነው ማለት ነው?»

«እሱንም አያውቅም። ውኃው ራሱ ይመርመር ብዬ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

እንግዲህ የሺን ነጻ እንኳ ላወጣት አልቻልሁም። ቆርቆሮው እንደተቸነከረ ነው፤ ምርመራው ገና አልደረሰም። ለየሺም አልነገርኋትም። ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የምጠብቀው ውኃው ተበክሎ እንዲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ብዬ ነጻ እንድወጣ። ከቁጥሩ ይልቅ የከፋው ኃጢአቴ ይህ ነው፤ ዛሬም እየሠራሁት ነው።

ስለዚህ ውጤቱ ሳይመጣ ደጇ እሄዳለሁ። ውኃው ቢጠራም ቢደፈርስም እኔ ዋሽቻለሁ። እናንተ ይቅር አትበሉኝ፤ የተበደለችው እሷ ናት። እሷም አልምርሽም ብትል፣ ደግ አደረገች በሏት።