ሁሉም ክፍል ሠላሳ አራት ሜትር

የልጅ ልጄ ሮቤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ የኔትወርክ ገመድ ስትዘረጋ ከረመች። ሥራዋን ፈትሾ በፊርማው የሚያረጋግጠው አለቃዋ ነበር። በኋላ ኢንተርኔቱ በየክፍሉ እንቢ ሲል፣ «ስፈትሸው ደህና ነበር፤ ነካክታ ያበላሸችው እሷ ናት» ብሎ ጻፈባት። ከሥራ አስወጣት፤ ደብዳቤውንም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ከእንግዲህ ሮቤም ሆነ ጎባ ማን ይቀጥራታል?

ጎባ ቤቴ መጥታ ስታለቅስ፣ «እንባሽን ጥረጊና የፍተሻውን ወረቀት አንብቢልኝ» አልኳት።

ክፍል አንድ፣ አልፏል፣ ሠላሳ አራት ሜትር። ክፍል ሁለት፣ ሠላሳ አራት። የመጨረሻውም ያው።

«ቆይ፣ ሁሉም?»

«ሁሉም፣ አኮ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «የገመዱን ርዝመት የሚለካው መሣሪያው ነው።»

እኔ የተማርኩት ፊደልና ቁጥር እስክለይ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት ግን ጎባ ገበያ የጭነት ገመድ በክንድ እየለካሁ ሸጬ ነው። ደጃፍ ላለ በሬና ማዶ ለሚግጥ በሬ እኩል ገመድ አይቆረጥም። ሰውየው አንዷን መስመር ብቻ ሞክሮ፣ ውጤቷን ለሁሉም ክፍል ገልብጦ ፈርሟል።

በነጋታው ገመዴን ተሸክሜ ከልጅቱ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርኩና የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆምኩ። አለቃዋ ሳቀ።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ የአህያ ገመድ አይደለም።»

«አህያውን ኋላ እናገኘዋለን» አልኩት።

ገመዶቹ ከሚነሱበት ክፍል እስከ ቅርቡ በር ለካሁ፤ አሥር ክንድ አልሞላም። እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ስዘረጋ የያዝኩት ሁሉ አልበቃም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና፣ «አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ፣ ሁሉንም ፈትሽ» አለው።

ወንበር አስመጣሁ። ሶኬቶቹ ከወለሉ ስንዝር ብቻ ከፍ ያሉ ናቸው፤ አለቃዋ በየክፍሉ እየተንበረከከ መሣሪያውን ይሰካል፣ እኔም ወንበሬን እየጎተትኩ እከተለዋለሁ። ልጅቱ፣ «አኮ፣ ይብቃው» አለችኝ።

«ገና አምስት ክፍል ይቀረዋል።»

ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ስድስት መስመር ወደቀ። አራቱን እሱ ያመጣቸው አናጢዎች መደርደሪያ ሲመቱ በምስማር በስተዋቸዋል። ሁለቱ ግን የእሷ ጥፋት ነበሩ፤ ጫፋቸውን በደንብ አላጠበቀችውም። እዚያው ቁጭ አድርጌ አስደገምኳት። ፍርድ ለራስም ነው።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እሱ ሽማግሌ ላከብኝ።

«እማማ፣ ይማሩት እንጂ፤ ልጅዎም ተመልሳለች» አሉኝ።

«ያዋረዳት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ይካሳት» አልኩ።

መዋሸቱን በእጁ ጽፎ ለጠፈ። ሮቤ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ጎራ ብዬ፣ ፊደል እየለቀምኩ፣ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ሰሌዳው ያለው ከእሱ ቢሮ ፊት ለፊት ነው።