በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ዘበኛ

በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑም ከሶፋውም በላይ የተከበረው ኮምፒውተሩ ነበር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጃችን ኮሌጅ ስትገባ ከናይሮቢ ከሲሚንቶ ጋር ጭኖ አመጣላት። እኔም የዳንቴል ልብስ ሠራሁለት። አቧራችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ከጎልቦ ሜዳ በኩል ነፋስ በተነሣ ቁጥር የቤቱ ዕቃ ሁሉ ቀይ ይለብሳል።

በዚያን ጊዜ ሞያሌ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚሄደው በፍላሽ ነበር። ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ መዝሙሩ፣ የሕንድ ፊልሙ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ወደ ኬንያው፣ ከኬንያው ወደ ኢትዮጵያው በሰው ኪስ ይሻገራል። ድንበሩ ላይ ስኳር ይፈተሻል እንጂ ፍላሽ የሚፈትሽ የለም። እንግዳ ፍላሽ ይዞ ከመጣ ደግሞ አንከፍትልህም አይባልም፤ ነውር ነው። እንዲህ ስናስተናግድ ከሰርጉ ጋር ቫይረሱም ገባ። አንድ ቀን ፎልደሮቻችንን ስንከፍት ስማቸው ብቻ ቀርቶ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ገበያው አጠገብ ያለው ፉንዲ፣ ሬዲዮም ኮምፒውተርም የሚጠግነው፣ ፎቶዎቻችንን ከተደበቁበት አወጣልንና አንቲቫይረስ ካላስገባችሁ ሁለተኛ እንዳታመጡብኝ አለን።

የኮምፒውተሩ መታመም በሁለቱም ወገን ዘመድ ዘንድ ተሰማ። ቀድሞ የደረሰው ናይሮቢ የሚሠራው ወንድሜ ነው። በካርቶን የታሸገ፣ ከትልቅ ሱቅ የተገዛ አንቲቫይረስ ይዞ መጣና ማሸጊያውን እኛ ፊት ቀደደው። ወንድሜ ያልተከፈለበት ነገር አይጠብቅም ባይ ነው። ከጫነው በኋላ በስክሪኑ ጥግ አንዲት አረንጓዴ ምልክት ተቀመጠች፤ እኛም ተመስገን አልን።

ብዙም ሳይቆይ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻግሮ መጣ። እሱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ያወረደውን ሌላ አንቲቫይረስ በፍላሽ ይዟል። የእሱ በነጻ ነው፤ ዓመት ሲሞላ ክፈሉ አይልም፤ ሲታደስም በካርድ የምንሞላውን የኢንተርኔት ባንድል አይጨርስም። ወንድሜ ያመጣው እንዳለ ልነግረው አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። ዋርሳዬ ሲጭነው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ሳያነበው እሺ የሚለውን ተጫነ። ማን ያነበዋል? በጥጉ ላይ ከአረንጓዴዋ ጎን ብርቱካናማ ምልክት ተጨመረች።

የብርቱካናማው አንቲቫይረስ ልዩ ነገር መናገሩ ነው። ሞደሙ በተሰካ ቁጥር አንዲት ሴት በጠራ እንግሊዝኛ፣ ታድሻለሁ ለማለት ይመስለኛል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ማዶ ከዋርሳዬ ጋር የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ መጀመሪያ የሰሟት ቀን ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ደህና ነሽ ወይ ብለዋታል። እኔም ብቻዬን ስሆን አብራኝ ያለች እየመሰለኝ ወደድኳት።

ከዚያ ወዲህ ግን ኮምፒውተሩ ከበደው። አንድ ፎቶ ለመክፈት ሽንኩርት ከትፌ እመለሳለሁ። አንዱን እናውጣው ስል ባለቤቴ አይሰማም። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም?" ይለኛል። ተረቱን እንደ መጋረጃ ነው የሚጠቀምበት፤ እውነቱ ይሉኝታ ነው። ወንድሜም ዋርሳዬም ቤታችን ሲገቡ ጤንነታችንን ከመጠየቃቸው በፊት ዓይናቸው ወደ ስክሪኑ ጥግ ይሄዳል። የራሳቸውን ምልክት ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። እንግዲህ የማንን ስጦታ ነው የምናወጣው?

በዚህ መሀል ልጃችን አገባች። ቀረጻውን የሠራው ልጅ በዚያው ሰሞን ሌላ ሰርግ ስለነበረበት ሁሉንም እኛ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ካርዱን አጸዳ። ስለዚህ የልጄ ሰርግ ያለው እዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር። እኛም ስናየው ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ጭፈራው ነበር የምንዘለው።

ሰርጉ ላይ ያልነበሩት አማቴ ናቸው። ልክ ሰርጉ ሲቃረብ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። እኔ በንግድ ስዞር ልጄን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ልጄም እንደ አገሩ ልጆች አያቷን "አኮ" እያለች ነው ያደገችው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የሽማግሌዎችን ጉልበት ትስማለች፤ የመጀመሪያው ጉልበት የአማቴ መሆን ነበረበት። እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው፣ የተሳመው የመጀመሪያ ጉልበት የወንድሜ እንደሆነ ሰው ነገራቸው። እውነት ነው፤ ከተቀመጡት ታላቅ እሱ ነበር። እሳቸው አልተቆጡም። ግን ከዚያ ወዲህ ስንነጋገር ድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ጎደለ፤ ለእኔ ይታወቀኛል። እግሬ ሲድን መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ አሉኝ። ፈራሁ። ሲያዩት የሚብስባቸው መሰለኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ዋርሳዬ ይዟቸው መጣ። ወንድሜም ለበዓል ከናይሮቢ መጥቶ ስለነበር ዶሮው ላይ ሁሉም ተገናኙ። ድንበሩ ሲመሽ ስለሚዘጋ አማቴ ከምሳ በኋላ ወዲያው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡና ከመጀመሪያው ይጀመር፣ ምንም እንዳይዘለል አሉ።

ባለቤቴ ዳንቴሉን ገልጦ አበራው። ሴትዮዋ ተናገረች፤ አማቴም እንደ ልማዳቸው መለሱላት። ቪዲዮው ሲነካ ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ከቀኝ አንድ ቀይ መስኮት፣ ከግራ ሌላ ቀይ መስኮት ብቅ አለና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ማውሱን ቢያንቀሳቅሱት፣ ቢመቱት፣ ወይ ፍንክች።

ወንድሜ ጠጋ ብሎ የአረንጓዴውን አነበበና ጉሮሮውን ጠረገ። የሚያጠራጥር ፕሮግራም ተገኝቷል ይላል፤ የተጠረጠረው ብርቱካናማው ነው። ዋርሳዬም የብርቱካናማውን አነበበ። እሱም ተጠርጣሪ ይዟል፤ አረንጓዴውን። ሁለቱ በጣም በጨዋ ቋንቋ ይነካከሱ ጀመር። ወንድሜ በነጻ የመጣ ነገር ምንጩ አይታወቅም አለ፤ ዋርሳዬም ካርቶን ቫይረስ አይገድልም ብሎ መለሰ። አማቴ አንዴ ስክሪኑን አንዴ በሩን፣ ወደ ፀሐዩ ያያሉ። እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝምና ሁለቱንም ትቼ አግብታ ኢሲዮሎ ከተማ ለምትኖረው ልጄ ደወልኩ፤ ስልኩንም ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ልጄ መስኮቶቹ ላይ የተጻፈውን ሲያነቡላት ሳቀች። ሁለቱም ደህና አንቲቫይረስ ናቸው አለች፤ ግን አንድ ፋይል ሲከፈት ሁለቱም እኔ ልፈትሽ እያሉ ይይዙታል፣ አንዱም ሌላውን ሌባ ነው ይላል። አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቆሞ እርስ በርሱ ሲፈታተሽ ባለቤቱ ውጭ እንደመቅረት ነው። ቪዲዮው ምንም አልሆነም። "እማዬ፣ አንዱን ምረጡና አንዱን አስወጡ። የትኛውም ይሁን፣ ለውጥ የለውም" አለችኝ።

ለእሷ ለውጥ የለውም። እኛ ቤት ግን አለው። ባለቤቴ ጣሪያ ያያል። በመጨረሻ ወንድሜ ግድ የለም፣ የእኔ ይውጣ፣ ገንዘብ ብቻ ነው የወጣበት አለ። ዋርሳዬ የለም የለም፣ በቃ፣ የእኔ ይውጣ፣ ድሮም በነጻ የመጣ ነው አለ። አፋቸው እንጂ ልባቸው አልነበረም፤ ሁለቱም የተከፉ ልጆች መስለው ወለሉን ያያሉ። እኔም ከሳቅና ከብሽቀት የቱን እንደምመርጥ ጨነቀኝ። አንዱን ብል ለወንድሟ አደላች እባላለሁ፤ ሌላውን ብል ወንድሜ ናይሮቢ ገብቶ ለወር አይደውልልኝም።

አማቴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ ደቅ አደረጉ።

"የእኔ ልጅ ያመጣው ይውጣ" አሉ። "የእኔ ልጅ ቢቀየም ማታ መጥቶ የሚበላው እኔ ዘንድ ነው። እንግዳ ከቤት አይወጣም።"

ወንድሜን ነው እንግዳ ያሉት። በጉልበት መሳሙ የቀደማቸውን ሰው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፤ ዋርሳዬም ከእናቱ ቃል በኋላ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበ። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ ሽንኩርት እንዳልል ዶሮው አልቋል።

ልጄ በስልክ እየመራችው ዋርሳዬ ማሽኑን አጥፍቶ ኤፍ ስምንት የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ አስነሣው። ስክሪኑ ጠርዙ ሁሉ ጥቁር ሆኖ፣ ጽሑፉ ገዝፎ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ዘበኞቹ ይተኛሉ አለች ልጄ። ከዚያ ብርቱካናማውን በገዛ እጁ አወጣው። እንደገና በወጉ ሲነሣ ጥጉ ላይ አረንጓዴዋ ብቻዋን ነበረች። አማቴ ሴትዮዋስ አሉ። ሄደች አልናቸው። እግዜር ይስጣት፣ ጨዋ ነበረች አሉ።

ቪዲዮው ወዲያው ተከፈተ፤ የሽንኩርት መክተፊያ ጊዜ እንኳን አልሰጠኝም። ከመጀመሪያው ነበር የጀመርነውና መጀመሪያ የመጣው አይተነው የማናውቀው ነገር ነው። የልጄ መኝታ ክፍል ነው። ለብሳ ጨርሳለች፤ ገና ወደ ሽማግሌዎቹ አልወጣችም። ሚዜዎቿ አንድ ወንበር አምጥተው ግድግዳው ሥር አስቀመጡ። ልጄ ስልኳን ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችና ወንበሩ ላይ አኖረችው። ከዚያ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወንበሩ ፊት ተንበረከከች። "አኮ፣ መርቂኝ" አለች። ከስልኩ ውስጥ የአማቴ ድምፅ፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ ውለጂ ክበጂ እያለ ይመርቃል። ልጄ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ጠርዝ በቀኝም በግራም ሳመችው።

 አማቴ ያን ቀን እንደደወለች ያስታውሳሉ፤ በጥድፊያ መሀል ለአንድ አፍታ የደወለች እንጂ ተንበርክካ እንደነበር አላወቁም። ልጄ ደግሞ ሁሉም አይቶታል፣ ነግረዋቸዋል ብላ ነው ዝም ያለችው። ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ እኔ ለካ ሁለተኛ ነኝ አለ። ከሁላችንም በላይ ደስ ያለው እሱ ይመስለኛል። ሳቃችን ማንያታን አልፎ ሄሉ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አማቴ ድገሙት አሉ። ደገምነው። አሁንም አሉ። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ድንበሩም ተዘጋ፤ ማንም ትዝ አላለውም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር፤ ልጄ ከኢሲዮሎ ሆና የራሷን ሰርግ እየሰማች ነበር። አማቴ አንሥተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ ተሰብሮ የነበረውን እግራቸውንም ዘርጋ አደረጉ።

"በይ እንግዲህ፣ ወንበሩ ጠግቧል" አሏት። "አሁን መጥተሽ የእኔን ጉልበት ሳሚ።"