አንድ ጣት ክፍተት

ከሚሴ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ኮረኮንች ዳር፣ በአያ ሸምሱ ጋራዥ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ራዲያተር በሚስማር ተሰቅላ ትኖር ነበር። ዕቃ የቸገረው ሹፌር "አያ፣ እሷን ሽጥልኝ" ሲለው አያ ሸምሱ ዞር ብሎ እንኳ አያያትም።

"እሷ የሰው ናት" ይላል።

የማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ።

በ1995 ዓ.ም. የፊዚክስ መምህር ሆኜ ከሚሴ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ከጋራዡ ጀርባ፣ በሱና በሚስቱ በኡምኩልሱም ግቢ ውስጥ ነበር። አያ ሸምሱ ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ኮፈን ውስጥ ሲጎነበስ ኖሮ ትከሻው በዚያው የቀረ ሰው ነው። የጨፋ ገበሬ ልጅ ነው። ሙያውን የቀሰመው በጨፋ ሸለቆ ውስጥ ትራክተር ከሚጠግን ሰውዬ ሥር ሆኖ ነበር። አባቱ ሲሞቱ የአራት ዓመት ሕፃን የነበረውን ታናሽ ወንድሙን በድሩን አዝሎ ከሚሴ ገባ። እሱና ኡምኩልሱም ልጅ አልወለዱም፤ በድሩን እንደ ልጃቸው አሳደጉት። እኔ ስደርስ በድሩ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሹፌር ሆኗል፣ ሲስቅ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል።

አያ ሸምሱ ሁለት የሥራ ልማድ ነበረው። አንደኛው በጣት መለካት ነው። ከትኩስ ብረት አጠገብ ያለ ማንኛውም ነገር ቢያንስ ሁለት ጣት መራቅ አለበት። "ሞተር ቆሞ ስታየው የዋህ ነው" ይለኝ ነበር፤ "ጭነት ተጭኖ ዳገት ሲይዝ ይነሳል፣ ይጋደማል። ያኔ ነው ቦታ የሚፈልገው።" ሁለተኛው ልማድ እርድ ነው። የበየደውን ራዲያተር ሁሉ ውሃ ሲሞላው አንድ ጭብጥ እርድ ይበጠብጥበታል። እርዱ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ካለች ይደፍናል፤ ካልደፈነም ቢጫው ውሃ መሬት ላይ ወርዶ ያሳብቃል።

በሰኔ መጀመሪያ በድሩ የሚነዳት ፒካፕ ባለቤት፣ ሙህዲን የሚባለው የጫት ነጋዴ፣ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

"አካም ቡልቴ፣ አያ ሸምሱ!" አለ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ምን ተሸክመህ ነው?"

"ሳንባ!" ጆንያውን መሬት ላይ ጣለው፤ ብረቱ ጮኸ። "ለመኪናዬ ሳንባ ገዛሁላት።"

ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ቱርቦ ነበር፣ ከነማኒፎልዱ። ማኒፎልዱ የሞተሩን ትኩስ ጭስ ሰብስቦ ለቱርቦው ያቀብላል፤ ቱርቦው በዚያ ጭስ ግፊት እየዞረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ያጎርሳል፤ መኪናዋም ጉልበት ታገኛለች። ሙህዲን ጉልበት ያስፈልገው ነበር። የሱ ጫት ማለዳ ከከሚሴ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አልፎ ቆላ ይወርዳል። ቀድሞ የደረሰ ይሸጣል፤ ከቀትር በኋላ የደረሰ የፍየል ቀለብ ይዞ ይመለሳል።

አያ ሸምሱ ማኒፎልዱን ከሞተሩ ጎን አስጠግቶ ለካውና ራሱን ነቀነቀ። ለሌላ መኪና የተሠራ ስለሆነ ቱርቦውን ወደ ፊት ገፍቶ ራዲያተሩ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል።

"ይህንንም አስቤበታለሁ" አለ ሙህዲን፣ ከጆንያው ሥር የትንሽ ቤት መኪና ራዲያተር እያወጣ። "ትልቁን አውጣና ይቺን ክተትበት። ቦታ ይተርፍሃል።"

"ይቺ የከተማ ራዲያተር ናት። ዳገት ላይ ትፈላለች። በድሩን በአንድ ኩባያ ውሃ ሐሩር ውስጥ ልሰደው?"

በድሩ ከመኪናዋ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። "አያ፣ በአላህ ይሁንብህ እሺ በለው! የሐርቡ ዳገት ላይ አሮጊት የጫነ ሚኒባስ ጥሎኝ ይሄዳል። አሮጊቶቹ በመስኮት አይዞህ ይሉኛል!"

"ይበሉህ። አይዞህ ያለህን ሰው አመስግን።"

"አግባኝም ያለችኝ አለች እኮ!"

አያ ሸምሱ ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ቃሉን ሰጠ፦ ቱርቦው ይገባል፣ ግን ትልቁ ራዲያተር እንዳለ ሳይወጣ ነው። አለበለዚያ እጁን አያነሳም።

ሦስት ቀን ሠራ። ራዲያተሩን የተሸከመውን ብረት ቆርጦ ወደ ፊት ገፋው፤ ፍርግርጉ እስኪነካ ድረስ። የውሃ መግቢያውን ነቅሎ በሌላ አቅጣጫ በየደው። ማራገቢያውን አሳጠረ። ቅዳሜ ማታ፣ መብራት እንደመጣ፣ ጠራኝ።

"መምህር፣ ጣትህን ስጠኝ። የኔ ወፍራም ነው፣ ይዋሻል።"

በቱርቦው አፍንጫና በራዲያተሩ መካከል አንድ ጣቴን አስገባሁ። ሁለተኛው አልገባም።

"አንድ ናት" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ሁለት ትንንሽ የጎማ ድጋፎች ነካ አደረጋቸው። አርጅተው ለስልሰዋል። "እነዚህ ከተቀየሩ ሞተሩ ብዙም አይወዛወዝም፤ አንዷም ትበቃለች። ነገ በአውቶቡስ ከኮምቦልቻ አስመጣለሁ። እነሱ ሳይገቡ ከዚህ አትወጣም።"

እሑድ ከዙህር በኋላ ግን ሙህዲን ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ጠበቀን። ማግስቱ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ አዲስ ጉልበት ያገኘች መኪና ደግሞ ያለ ዱዓ አትሄድም። መኪናዋ ጋራዡ ደጃፍ ወጥታ ቆመች። ጫት ቀረበ። ሼህ ጀይላን፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ፣ በበትራቸው እየተደገፉ ተነሱና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ወዲያው አነሱት።

"ምነው፣ ትኩሳት አለባት እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። በድሩ "አሁን አስነስቻት ነው፣ አባቴ" አለ።

"ሂዳ ትመለስ። ወስዳ ትመልስ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ መንገድ ይጠብቃት።"

"አሚን!"

"እንትፍ፣ እንትፍ!" የጫቱ አረንጓዴ ምራቅ ኮፈኑ ላይ ተረጨ።

ጎማዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አያ ሸምሱ ከአውቶቡሱ ረዳት ተቀብሎ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጁ ይዞ፣ መኪናዋ ፊት ቆመ። የዚያን ጊዜ የከሚሴ ሹፌሮች እንዲህ ይሉ ነበር፦ ዱዓ የተደረገላት መኪና የመጀመሪያ ጉዞዋን ሄዳ ሳትመለስ ኮፈኗ አይነካም። ቀድሞ የከፈተው ሰው ዱዓውን መለሰ ማለት ነው።

"አያ ሸምሱ!" አለ ሙህዲን፣ ከተቀመጠበት ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ዱዓው አላጠበቃትም ብለህ በመፍቻ ልታጠብቃት ነው?"

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አያ ሸምሱ ሼሁን አያቸው። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ አልሰሙም። እኔንም አየኝ። ብረት ሲግል እንደሚረዝም በዚያው ዓመት ለአራት ክፍል ተማሪዎች አስተምሬ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እሱም ጎማዎቹን ቱታው ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

ሰኞ ማለዳ በድሩ የመጠጥ ውሃውን በጀሪካን ይዞ ወጣ። በጫቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ደርቦበታል።

"ዳገት ላይ አትጫናት" አለው አያ ሸምሱ።

"ቶሌ" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው።

"ሙቀት መለኪያዋን እያት።"

"ቶሌ አልኩህ እኮ፣ አያ! ሚስት ሳላገባ ጭቅጭቁን ለመድኩት።"

ሄደ። የቱርቦው ፉጨት ከመኪናዋ ድምፅ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሰማ ነበር። አያ ሸምሱ ፉጨቱ ከጠፋም በኋላ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉም መፍቻ አላነሳም። በድሩ ለመግሪብ ይመለሳል የተባለው ሳይመለስ ቀረ። ኡምኩልሱም ራቱን ሁለት ጊዜ አሙቃ ሁለት ጊዜ ከደነችው።

ማክሰኞ በማለዳ አያ ሸምሱ በሬን አንኳኳ። "አብረኸኝ ና" አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። በጭነት መኪና ኮምቦልቻ ደረስን፤ ከዚያ በሌላ ወደ ባቲ። ባቲ ላይ አንድ የሻይ ቤት ባለቤት በድሩን አይቶታል። "ትላንት ሦስት ሰዓት ላይ አለፈ። ደህና ነበር። ከውስጥ የምታፏጭ መኪና ይዞ" አለን።

ከባቲ በታች አያ ሸምሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አስፋልቱን ብቻ ያይ ጀመር። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ በመንገዱ ጠርዝ፣ መኪና ቆሞበት የነበረ ቦታ ላይ፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል የደረቀች ቢጫ ምልክት አየን። ሹፌሩ አላስተዋላትም። እኛም አልነገርነውም።

ሁለተኛዋ ከአሥር ኪሎ ሜትር በኋላ ነበረች፤ ሰፋ ትላለች። ሦስተኛዋ ከአራት። አራተኛዋ ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ። አያ ሸምሱ በእያንዳንዷ ላይ ዓይኑን ይከድናል፣ ከዚያ ቀጣይዋን ይፈልጋል። እየተቀራረቡ ሄዱ። በአንድ ቦታ ላይ ምልክቱ ከአስፋልቱ ወርዶ፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ወደሚሰፍሩበት ጥርጊያ መንገድ ታጠፈ። የበድሩ ደንበኞች እዚያ ነበሩ። ከጭነት መኪናው ወርደን በእግር ተከተልነው። ሙቀቱ ጫማዬን አልፎ ይሰማኝ ነበር።

ፒካፑ ቅጠሏ የሳሳ ግራር ሥር ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቷል። ጀሪካኑ ባዶውን፣ ክዳኑ ተፈትቶ፣ ራዲያተሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። በድሩ አፋሮቹ ሰፈር ድረስ ትወስደኛለች ብሎ የመጠጥ ውሃውን በሙሉ ለመኪናዋ አጠጥቷል። ጫቱ ላይ የነበሩት ጆንያዎች ወርደው፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዘው መሬት ላይ ተጥለዋል። ጨምቋቸው ነበር።

እሱ ራሱ ጥላ ፍለጋ መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበር። አያ ሸምሱ በጉልበቱና በእጁ እየዳኸ ገባ። ብዙ ቆየ። ከውስጥ "ኢናሊላሂ" ሲል ሰማሁ።

ወጥቶ ወደ ሞተሩ ሄደና ጣቱን በቱርቦውና በራዲያተሩ መካከል ሊያስገባ ሞከረ። ወፍራሙ ጣቱ አልገባም። የኔም አይገባም ነበር። ሞተሩ በየዳገቱ እየተነሳ፣ የቱርቦው አፍንጫ ራዲያተሩ ጎን ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ከፍቷል። እርድ የማይደፍነው ቀዳዳ ነው።

በድሩን ከሚሴ አምጥተን ቀበርነው። ለለቅሶ የተቀመጥን ቀን ሙህዲን መጥቶ "ያቺን ትንሿን ብናስገባ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና አቆመ።

አያ ሸምሱ ጨረሰለት። "ትፈላ ነበር። ሐርቡ ላይ ትፈላ ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይም ትፈላ ነበር። ባቲ ሳይደርስ ሰልችቶት ይመለስ ነበር።" ይህን ያለው ያለ ቁጣ ነው። ሙህዲን ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ሼህ ጀይላን ከአያ ሸምሱ ጎን ነበሩ። አያ ሸምሱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ "አባቴ፣ ኮፈኑን ያን ቀን ከፍቼው ቢሆን ዱዓው ይፈርስ ነበር?" አላቸው።

ሼሁ በደንብ ሰሙት። ግራ ገብቷቸው አዩት። "ማነው እንዲህ ያለህ?"

"ሹፌሮቹ ይላሉ።"

"እኔ እዚያው አልነበርኩም?" አሉ ሽማግሌው። "ምነው ልጄ፣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

ከለቅሶው ሲነሳ አያ ሸምሱ ያቺን ትንሽ ራዲያተር ጋራዡ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀላት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ዱዓ የተደረገላትን መኪና ሁሉ፣ ምራቁ ሳይደርቅ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ኮፈኗን ከፍቶ ሁለት ጣቱን ያስገባ ነበር፤ ማንም ሳቀበት ሲባል አልሰማሁም። ራዲያተር ሲበይድ ግን እርድ መጨመር ትቶ ነበር።

እኔ በዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ኖሬአለሁ። ኡምኩልሱም እንደ ቤተሰብ ታበላኝ ነበር። ከዚያ ሰኔ በኋላ በዚያ ቤት አልጫ ሲሠራ አላየሁም። አንድ ቀን ጎረቤት እርድ ልትበደር መጣች፤ ኡምኩልሱም "የለንም እቴ" ስትላት አያ ሸምሱ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ እነዚያን ሁለት ጎማዎች በጨርቅ ይጠርግ ነበር።