የሚያነክስ ሞተር

እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ዳር ባለው የዊልፍ ጋራዥ ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ ፍጥነት ያማራቸው ጎረምሶች ናቸው። ዛሬ የመጡት ግን የእሑድ ኮታቸውን የለበሱ አሮጊት ናቸው። ጓንታቸውን አውልቀው፣ ግራሶውን ሳይጠየፉ ባንኮኒውን ተደገፉ።

"የባለቤቴ ስፖርት መኪና ናት። ዘንጓ ተበልቷል።"

"ይሄኛው ይሻልዎታል፣ እማማ" አለ ዊልፍ። "ጉልበት ይጨምራል፤ መብራት ላይ ሲቆሙ ደግሞ ሞተሩ መነሳቱን እንኳ አይሰሙትም።"

"ካልሰማሁትማ ምን ያደርግልኛል? ሌላ አሳየኝ።"

"ሌላውማ ሚኒሞ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፣ ምቱ ያነክሳል። ጎረቤት ይነሳብዎታል።"

"ሲነሳብኝ ነው የኖረው። ዝም ካለ ወዲህ ነው የከፋኝ።"

ከዚያ ባንኮኒውን በጣታቸው መቱ፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት፣ እንደገና ሁለቴ ፈጠን።

"ሞተሩ እንዲህ ሲል ባለቤቴ በር ላይ ደርሷል ማለት ነበር። እኔም ሻይ እጥድ ነበር።"

ዊልፍ ምቱን ያውቀዋል። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ዛሬ ዛሬ ማንም የማይጠይቀውን ዘንግ አውርዶ አቧራውን ጠረገ።

"በዚህ ዘንግ ከተማ ውስጥ መንዳት ያደክማል፣ እማማ። ይችሉታል?"

"እኔ?" አሉ ጓንታቸውን እያጠለቁ። "መንዳት መች አውቃለሁ፣ ልጄ።"